ተነቃይ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ለአፍ ምቾትና ንጽሕና ያለው ጠቀሜታ

የታመመ ጥርስ ሲነቀል ሕመሙ ይቆማል፤ የጥርሱ ጉዳይ ግን በዚያ አያበቃም። በዓደን ከተማ በቃሂራ፣ በሼክ ዑስማን፣ በበሳቲንና በሌሎችም ሰፈሮች ኑሮውን በላቡ የሚገፋ ሠራተኛ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣውና ከሥራ ሲያስቀረው ነው። ጥርሱ በዚያን ጊዜ እስከ ሥሩ ተቦርቡሮ ስለሚገኝ መንቀል ፈጣኑና ርካሹ መፍትሔ ይሆናል። ሕመምተኛው እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ክፍተቱ ግን ባዶውን ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጥርስ ሲከተል ማኘክ፣ መናገርና መሳቅ ሳይቀር የሚያሳስብ ነገር ይሆናል።

ይህ ችግር የአንድ አገር ወይም የስደተኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በአፍ ውስጥ በሽታዎች እንደሚጠቁ ገልጿል። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን በሙሉ ያጡ መሆናቸውንም አመልክቷል። ጥርስን በሙሉ ማጣት በአንድ ቀን የሚደርስ አይደለም፤ ከአንድ ክፍተት ይጀምራል። ተነቃይ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያስፈልገውም በዚሁ መካከል፣ ጥቂት ጥርሶች ጠፍተው ብዙዎቹ ገና በቆሙበት ጊዜ ነው።

ክፍተቱ ባዶ ሲቀር

የአዋቂ ሰው ሙሉ ጥርስ፣ የመጨረሻዎቹን አራት መንጋጋዎች ጨምሮ፣ 32 ነው። እያንዳንዱ ጥርስ በቦታው ጸንቶ የሚቆመው በሥሩ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹና ከፊት ለፊቱ በሚገጥመው ጥርስም ጭምር ነው። አንዱ ሲወጣ ሚዛኑ ይናጋል። በግራና በቀኝ ያሉት ቀስ በቀስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከላይ ወይም ከታች የሚገጥመው ጥርስ ደግሞ የሚያቆመው በማጣቱ ከቦታው እየረዘመ ይመጣል።

ያዘነበለ ጥርስ በሥሩ አጠገብ ኪስ የመሰለ ጎድጓዳ ስፍራ ይፈጥራል። በዚያ የሚሸጎጥ ምግብ ለብሩሽም ለመፋቂያም አይመችም፤ በመሆኑም ጤነኛ የነበረው ጎረቤት ጥርስ መቦርቦር፣ ድዱም መቁሰል ይጀምራል። አንድ ጥርስ ሌላውን ይዞት ይሄዳል የሚባለው ስለዚህ ነው።

አጥንቱም ይለወጣል። ጥርስን ይሸከም የነበረው የመንጋጋ አጥንት ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል። ለውጡ እጅግ ፈጣን የሚሆነው ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ስፋት ወደ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ በአንድ ወገን መንጋጋ ያጣ ሰው በሌላው ወገን ብቻ ማኘክ ስለሚያዘወትር ጤነኛው ወገን ከአቅሙ በላይ ይጫናል። የፊት ጥርስ ሲጠፋ ደግሞ አነጋገር ይታወካል፤ «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፈ» የሚሉትን ድምፆች አጥርቶ ለማውጣት የፊት ጥርሶች ያስፈልጋሉና።

ምንነቱና ዓይነቶቹ

ተነቃይ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ የጠፉትን ጥቂት ጥርሶች የሚተካ፣ ባለቤቱ ራሱ በእጁ የሚያወጣውና የሚመልሰው መሣሪያ ነው። ድድ የሚመስል መደብ፣ በመደቡ ላይ የተተከሉ ሰው ሠራሽ ጥርሶች፣ እንዲሁም ቀሪዎቹን የተፈጥሮ ጥርሶች አቅፈው የሚይዙ መቆንጠጫዎች አሉት። አንድም ጥርስ ለሌለው ሰው ከሚሠራው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚለየው በቀሪዎቹ ጥርሶች ላይ በመደገፉ ነው።

የጠፋን ጥርስ የመተካት ጥበብ ጥንታዊ ነው። በዛሬዋ ጣሊያን ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ጥርስን በወርቅ ቀበቶ ከጎረቤቱ ጋር ያስሩ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሰው ሠራሽ ጥርስ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ከእንጨት ሳይሆን ከእንስሳት ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተሠራ ነበር። ኤድዋርድ ኬኔዲ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1925 የጥርስ ክፍተቶችን እንደ አቀማመጣቸው በአራት ክፍል የመደበበት ዘዴ እስከ ዛሬ የጥርስ ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩት ነው። አክሪሊክ የተባለው ድድ መሰል ፕላስቲክ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲስፋፋ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀረ።

ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት ሦስት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው መደቡ በሙሉ ከአክሪሊክ የሆነው ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ለመጠገንና ጥርስ ለመጨመር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥንካሬ እንዲኖረው ወፈር ተደርጎ ስለሚሠራ አፍን ይሞላል፤ ከወደቀም ይሰበራል። ሁለተኛው የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ከሆነ ስስ የብረት አጽም የሚሠራው ነው። ጠንካራና ቀጭን ነው፤ ጭነቱን በድዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጥርሶቹ ላይ ጭምር ስለሚያሳርፍ ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ይመረጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሦስተኛው ተጣጣፊ የናይለን ዓይነት ነው። የብረት መቆንጠጫ ስለማይታይበትና ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ ሆኖም ሲበላሽ ወይም ሲሰፋ ማስተካከሉ አስቸጋሪ ነው፤ ጭነቱም በአብዛኛው በድዱ ላይ ያርፋል።

ለምቾት የሚሰጠው ጥቅም

ዋነኛው ጥቅም በሁለቱም ወገን ማኘክ መቻል ነው። መንጋጋ የጎደለው ሰው ሳያውቀው ምግቡን ይመርጣል፤ ቆሎ፣ ጥሬ አትክልት፣ ጠንካራ ሥጋ እየተወ ለስላሳውንና የረጠበውን ብቻ ይበላል፤ ወይም ሳያላምጥ ይውጣል። ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በልኩ የተሠራ ተነቃይ ጥርስ የተፈጥሮ ጥርስን ኃይል በሙሉ ባይመልስም የምግብ ምርጫን ያሰፋል፤ በአንድ ወገን ላይ የነበረውንም ሸክም ያከፋፍላል።

ሁለተኛው ጥቅም አነጋገርንና ገጽታን ማስተካከሉ ነው። በእንግዳ ተቀባይነት፣ በሽያጭ፣ በቤት ውስጥ አገልግሎት ወይም በአስተርጓሚነት የሚሠራ ሰው ቃላቱ መጥራት አለባቸው። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚናገር ሰው ደግሞ የድምፅ መኮላተፍ የአነጋገር እንግድነት ላይ ሲታከል መግባባትን ይበልጥ ያከብዳል። በተጨማሪ፣ ብዙ ጥርስ ሲጠፋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉደው ጉንጭና ከንፈር ድጋፍ ያገኛል።

ሦስተኛው፣ የተፈጥሮ ጥርሶች ከቦታቸው እንዳያዘነብሉና እንዳይረዝሙ ክፍተቱን ሞልቶ ማቆየቱ ነው። ይህ ጥቅም ዓይን ውስጥ ባይገባም ወደፊት ለሚደረግ ማንኛውም ሕክምና ቦታውን ይጠብቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ምራቅ ይበዛል፤ ምላስ ባዕድ ነገር የነካ ይመስለዋል፤ አንዳንድ ድምፆች ይሰናከላሉ። ለስላሳ ምግብ በትናንሹ ቆርጦ በሁለቱም ወገን ማኘክና ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ልምምዱን ያፋጥናል። ድዱን የሚያቆስል ስፍራ ካለ ግን መታገሥ ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ማስሞረድ ይገባል። መደቡን በራስ ምላጭ ወይም ሞረድ መፋቅ፣ መቆንጠጫውንም በፒንሳ ማጣመም መሣሪያውን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል።

ለአፍ ንጽሕና የሚሰጠው ጥቅም

የዚህ መሣሪያ ልዩ ጠባይ ከስሙ ይነበባል፤ ይነቀላል። ወጥቶ በሁሉም ገጹ ሊታጠብ ይችላል፤ በሚወጣበትም ጊዜ ድዱና ቀሪዎቹ ጥርሶች ተገልጠው በደንብ ይጸዳሉ። በተፈጥሮ ጥርስ ላይ በቋሚነት የሚጣበቀው ድልድይ የተባለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን ከሥሩ ለማጽዳት ልዩ ክርና ትንንሽ ብሩሽ ይፈልጋል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ወይም አስታማሚ ያለው ሕመምተኛ ተነቃዩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማሳጠብ መቻሉም ትልቅ እፎይታ ነው።

ይሁንና ንጽሕናው ከመሣሪያው አይመነጭም፤ ከባለቤቱ እጅ እንጂ። የማይታጠብ ተነቃይ ጥርስ ጎጂ ነው። መቆንጠጫዎቹ በሚያቅፏቸው ጥርሶች ዙሪያ ምግብና ባክቴሪያ ይከማቻል፤ መሣሪያውን የተሸከሙት እነዚያው ጥርሶች በመቦርቦር ወይም በድድ በሽታ ከወደቁ መሣሪያውም አብሮ ይወድቃል። ከመደቡ በታች ያለው ድድ ሳይተነፍስ ሲቆይ ደግሞ ካንዲዳ በተባለ ፈንገስ ይቀላል፤ ይቆጣል። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ አፋቸው የሚደርቅና የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሲመዛዘን

ድልድይ ለመሥራት በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች መሞረድ አለባቸው፤ ጤነኛ ጥርስ ከተሞረደ በኋላ ደግሞ ወደነበረበት አይመለስም። ኢምፕላንት የሚባለው በአጥንት ውስጥ የሚቀበር ብሎን መሰል ሥር ከሁሉ ይበልጥ የተፈጥሮ ጥርስን ይመስላል፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምና፣ በቂ አጥንት፣ የወራት ክትትልና ከፍ ያለ ገንዘብ ይጠይቃል።

ተነቃዩ በአንጻሩ ጤነኛ ጥርስን ብዙም አይነካም፤ በአንድ መሣሪያ በተለያየ ቦታ ያሉ ብዙ ክፍተቶችን ይሞላል፤ ወጪውም ከሁለቱ ያነሰ ነው። አክሪሊኩ ላይ ሌላ ጥርስ ቢጠፋ መጨመር፣ ቢሰበርም መጠገን ይቻላል። ከአገር አገር ለሚዘዋወርና አንድ ሐኪም ዘንድ ለወራት መመላለስ ለማይችል ሠራተኛ ይህ ጠባዩ የሚናቅ አይደለም። ጉድለቱም አብሮ መታወቅ አለበት፤ እንደ ቋሚው አይጸናም፣ ከድዱና ከአጥንቱ ለውጥ ጋር በየጊዜው ይላላል፣ መቆንጠጫውም ሲናገሩ ወይም ሲስቁ ሊታይ ይችላል።

ሁሉም ክፍተት መሞላት አለበት ማለትም አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ዘመቻ ዓላማ ሰው በ80 ዓመቱ 20 የራሱ ጥርስ እንዲኖረው ማድረግ ነበር፤ 20 ጤነኛ ጥርስ ለአብዛኛው ምግብ ይበቃልና። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ብቻ ጠፍተውበት ያለ ችግር የሚያኝክ ሰው ሐኪሙ ምንም እንዳይተካ ቢመክረው ትክክለኛ ምክር ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ

ሥራው ከልኬት በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ የተቦረቦሩት ይሞላሉ፤ ድድ ይታከማል፤ የማይድኑት ይነቀላሉ። ቁስሉ እስኪጠግና ድዱ ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ የፊት ጥርስ ከሆነ ግን ጊዜያዊ ተኪ በነቀላው ዕለት ሊገጠም ይችላል። ከዚያ በኋላ የአፍ ልኬት ይወሰዳል፤ የላይና የታች ጥርስ አገጣጠም ይለካል፤ የጥርሱ ቀለም ይመረጣል፤ በሰም ላይ ተተክሎ ይሞከራል፤ በመጨረሻም ይገጠማል። ይህን ሁሉ ዘልሎ በአንድ ቀጠሮ ጨርሶ እሰጣለሁ የሚል ሰው ካለ መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ለስላሳውን አክሪሊክ በቀጥታ በአፍ ውስጥ አፍስሶ ሰው ሠራሹን ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር የማጣበቅ ልማድ ነው። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎች ቋሚ ጥርስ ብለው የሚሸጡት ይህንኑ ነው። አይነቀልም፣ አይታጠብም፤ ድዱን ተጭኖ ይቀመጣል። ከሥሩ የሚከማቸው ቆሻሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ድዱን ያመግላል፤ የተጣበቀባቸውን ጤነኛ ጥርሶችም ያነቃንቃል። አንድ ጥርስ ለመተካት የወጣው ጥቂት ገንዘብ ሦስት ጥርስ ያስከፍላል።

የየዕለት አያያዝ

ተነቃዩ ከምግብ በኋላ ወጥቶ በውኃ ይታጠባል፤ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይ ማታ፣ በለስላሳ ብሩሽና በለዘብተኛ ሳሙና በሁሉም ወገን ይፈገፈጋል። የጥርስ ሳሙና ሸካራ ስለሆነ አክሪሊኩን ይቧጭረዋል፤ በጭረቱም ውስጥ ጀርም ይሸሸጋል። ሲታጠብ ከሥሩ ውኃ ያለበት ሣህን ወይም ፎጣ ቢደረግ አምልጦ ቢወድቅ እንኳ አይሰበርም።

የፈላ ውኃ መደቡን ያጣምመዋል፤ በረኪና ብረቱን ይበላዋል። በዓደን ሙቀት በመኪና ውስጥ ወይም በመስኮት ላይ ለፀሐይ አጋልጦ መተው አይገባም። አክሪሊኩ ሲደርቅ ቅርጹ ስለሚለወጥ ከአፍ ሲወጣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት ሰፈር ለዚህ የሚሆን አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ማታ ማታ ለይቶ ማስቀረት ይበቃል። የራስ ጥርሶችም ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ ይቦረሻሉ፤ መቆንጠጫው የሚያርፍባቸው በተለይ። በአገር ቤት መፋቂያ፣ በየመን ሚስዋክ የለመደ ሰው ልማዱን ሊቀጥል ይችላል፤ መሣሪያውን አውጥቶ እስከሆነ ድረስ።

ሐኪሙ በተለየ ካላዘዘ በቀር ሌሊት አውጥቶ መተኛት ግድ ነው። ድዱ ያርፋል፤ ምራቅም ያጥበዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በጃፓን 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 524 አረጋውያን የተከታተለ ጥናት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን እንደገጠሙ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

በቀዶ ሕክምና ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ መናገርና ማውጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ በወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ መሠረት፣ የ72 ዓመት ሰው ለሆድ ቀዶ ሕክምና ሲያደነዝዙት ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርሱ በጉሮሮው ተቀርቅሮ ቀርቶ የታወቀው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር። ትንሽና የላላ ተነቃይ ጥርስም በመተኛት ወይም በመብላት መካከል ሊዋጥ ስለሚችል እንደላላ መልበስ አይገባም።

ጫትና ሰው ሠራሽ ጥርስ

ጫት በኢትዮጵያም በየመንም የተለመደ ነው። የመናውያን ተኽዚን በሚሉት አቃቃም ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ይከማቻል። ይህ ክምችት መደቡን ይገፋል፤ የቅጠሉ ብናኝ በመቆንጠጫዎቹ ሥር ይሰገሰጋል፤ አፍ ስለሚደርቅም ምራቅ የሚሰጠው ጥበቃ ይቀንሳል። አብረው የሚጠጡት ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጦች ጉዳቱን ያባብሱታል። ጫት መተው ወይም መቀነስ ከሁሉ የተሻለ ነው። የማይተው ሰው ቢያንስ በስኳር ፈንታ ውኃ ይጠጣ፤ እንደጨረሰም ጥርሱን አውጥቶ አፉንም መሣሪያውንም ሳያጥብ አይተኛ።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ

በዓደን ሰው ሠራሽ ጥርስ ጠቅም አስናን ይባላል፤ ተነቃዩ ከፊል ደግሞ ጠቅም ጁዝኢ ሙተሐሪክ ነው። ዐረብኛው የማይቀናው ሰው ይህን ብቻ ቢይዝ የሚፈልገውን ማስረዳት ይችላል። የዓደን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲ ያለው ሲሆን፣ የማስተማሪያ ክሊኒኮች በአብዛኛው በመምህራን ቁጥጥር ሥር ስለሚሠሩና ዋጋቸውም ከግል ክሊኒክ ስለሚያንስ ስለ አገልግሎታቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አራት ነገሮች ይጠየቁ፦ ዕቃው አክሪሊክ፣ ብረት ወይስ ናይለን ነው? ቀሪዎቹ ጥርሶች አስቀድሞ ይታከማሉ? ከተገጠመ በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ይካተታል? ወደፊት ሌላ ጥርስ ቢጠፋ ሊጨመርበት ይችላል? ከተገጠመም በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ያስፈልጋል፤ የላላው መደብ በአዲስ ሽፋን ይሞላል፤ በመቆንጠጫው ሥር የጀመረ መቦርቦርም በጊዜው ይያዛል። በዚህ ሁኔታ የተያዘ መሣሪያ ለበርካታ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የጠፋውን እንደነበረ አይመልስም። ዋና ሥራው ገና ያልጠፋውን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ጥርስ ያስነቀለ ሰው ቁስሉ እንደጠገገ ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀሪዎቹ ጥርሶች ባሉበት እንዲቆዩ ምን መደረግ አለበት የሚለው ነው።